የባዶ ቤቶች መስኮት

መስኮቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ጠባቡ ከሰፊው፣ ረጅሙ ካጭሩ ጎን ቆሞ፣ ተደራርበው ስምንት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግድግዳ ሆነዋል። ሁሉም በአንድ ወቅት የሰው መኖሪያ ቤት መስኮቶች ነበሩ። አሁን ብርሃን የሚያስገቡት ለአንድ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ነው።

ቦታው ካሚካትሱ ነው፤ በጃፓን ሺኮኩ ደሴት፣ በቶኩሺማ ግዛት ተራሮች መካከል። ነዋሪው ከ1,500 ያነሰ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው 65 ዓመት ያለፈው አረጋዊ ነው። ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ስለፈለሰ በሩ ተዘግቶ የቀረ ቤት ሞልቷል።

ካሚካትሱ ስሟ የታወቀው ግን በሌላ ነገር ነው። ድሮ ቆሻሻዋን ሜዳ ላይ ታቃጥል ነበር። በኋላ የተከለቻቸው ሁለት ማቃጠያዎችም የመርዛማ ጭስ ደንብ ሲጠብቅ ተዘጉ። በ2003 እ.ኤ.አ. በጃፓን ቀዳሚ ሆና ቆሻሻ አልባ ለመሆን ወሰነች። ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና የለም፤ ሰው የቤቱን ጥራጊ ራሱ ተሸክሞ ይሄድና ከ40 በላይ ቦታ ይለየዋል። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል።

አርክቴክቱ ሂሮሺ ናካሙራ በ2015 ለተከፈተው መጥመቂያ ንድፍ ሲያወጣ የተነሣው ከዚህ ልማድ ነበር። መስኮቶቹን ከተተዉ ቤቶች አስነቅሎ በሁለት ረድፍ አስገጠማቸው፤ በረድፎቹ መካከል የሚቀረው አየር በብርዱ ወራት ሙቀት እንዳይሸሽ ይረዳል። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ትልቅ መብራት የባዶ ጠርሙሶች ስብስብ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው። በገጠር መንደር አዲስ ፋብሪካ መትከል የአካባቢውን መልክ ሊያበላሽ ይችላል፤ እዚህ ግን ሕንፃው የተሠራው ከመንደሩ ከራሱ ነውና ባይተዋር አልሆነም። የናካሙራ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ከ1994 በፊት ይህን የሚያህል መጥመቂያ ፈቃድ አያገኝም ነበር። የጃፓን የመጠጥ ግብር ሕግ የቢራ ፈቃድ የሚሰጠው በዓመት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሊትር ለሚጠምቅ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት መነሻው ወደ 60 ሺህ ሊትር ሲወርድ በየአካባቢው ትናንሽ ጠማቂዎች ብቅ ብቅ አሉ።

የቁጠባው ልማድ እስከ ጋኑ ድረስ ይዘልቃል። በአካባቢው ዩኮ የሚባል፣ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ ይበቅላል። ጭማቂው ሲወጣ ልጣጩ ይጣል ነበር፤ ጠማቂዎቹ ለቢራቸው መዓዛ አደረጉት። ከጠመቃው የሚቀረውን የብቅል አተላም ወደ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይለውጡታል፤ በማዳበሪያው ገብስ ይዘራል፤ ገብሱም ተመልሶ ቢራ ይሆናል። ጠላ ጠምቆ አተላውን ለከብት የሚሰጥ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ናካሙራ ከዚያ ወዲህ ወደ ካሚካትሱ ተመልሷል። በ2020 የተከፈተውን፣ ከሰማይ ሲታይ የጥያቄ ምልክት የሚመስለውን የቆሻሻ መለያ ማዕከል የነደፈውም እሱ ነው። በዚህኛው ጊዜ መስኮቶቹ የመጡት ከነዋሪው እጅ ነው፤ 700 ያህል አሮጌ መስኮትና በር ለግንባታው ተሰጠ።