የስዊድን የዶክትሬት ቦታ ስኮላርሺፕ ሳይሆን ሥራ ነው

ኡፕሳላ ወይም ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሲፈልግ ማስታወቂያውን የሚያወጣው ከመምህራንና ከተመራማሪዎች ቅጥር ጎን፣ በክፍት የሥራ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። የተመረጠው ሰው በአብዛኛው ይቀጠራል፤ በየወሩ ደመወዝ ያገኛል፣ ግብር ይከፍላል፣ የዓመትና የወላጅነት ፈቃድ አለው። ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣም ቢሆን የትምህርት ክፍያ የለም። ጥናቱ የ4 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ እስከ 20 በመቶ ማስተማር ሲታከልበት ወደ 5 ዓመት ይዘልቃል። እንግዲህ ማመልከቻውም የሥራ ማመልከቻ መሆን አለበት። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ደብዳቤያቸው ስለ ችግራቸውና ስለ ሕልማቸው ያትታል፣ ቀጣሪው ግን የሚፈልገው ሥራውን የሚችል ሰው ነው። ማስታወቂያው የአፈር ናሙና የሚመረምር ሰው ከጠየቀ፣ ለማስተርስ ጽሑፋችሁ ስንት ናሙና፣ ከየት ሰብስባችሁ፣ በምን ዘዴና በየትኛው ሶፍትዌር እንደተነተናችሁ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጻፉ።

«ፕሮፌሰሩን የማያውቅ አይገባም» የሚሉ አሉ። ሥራው አስቀድሞ የሚታወቅ አመልካች ብልጫ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን እንደ ደንቡ ቦታው በይፋ ይወጣል፤ ምዘናውም በተጻፈው መስፈርት ነው። «የታተመ ጥናት የለኝም» የሚለውም ስጋት ከልክ አልፏል። መሠረታዊው መስፈርት ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁም ማስረጃ ይሆናል። አንድ ደብዳቤ ለሃያ ቦታ ከመበተን፣ ለሦስት ቦታ ሦስት የተለያየ ደብዳቤ ጻፉ።