ከሦስት ቁራጭ ዳቦ የሚገኝ ትምህርት

ጉንፋን የያዘው ሰው የዝንጅብል ሻይ ሲጠጣ ሰንብቶ ሲሻለው «ያዳነኝ ዝንጅብል ነው» ይላል። ጉንፋን ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይወሰድለትም በሰባት ወይም በአሥር ቀን ይለቃል። ታዲያ ያዳነው ዝንጅብሉ ነው ወይስ ጊዜው? ይህን ለመለየት ልጆች በሳይንስ ትምህርት የሚማሯቸው ሦስት ቃላት ለወላጅም ይጠቅማሉ፦ ተለዋዋጭ፣ ቋሚ እና ማነጻጸሪያ።

ከልጅዎ ጋር ቤት ውስጥ ይሞክሩት። እጅዎን በንጹሕ ላስቲክ ሸፍነው ከአንድ ዳቦ ሦስት እኩል ቁራጭ ይቁረጡ። አንዱን ልጁ ከጨዋታ እንደተመለሰ ባልታጠበ እጁ ይንካው። ሁለተኛውን በሳሙና ታጥቦ፣ እጁን አድርቆ ይንካው። ሦስተኛውን ማንም አይንካው። ሦስቱንም ለየብቻ ላስቲክ ውስጥ ከተው ይቋጥሩና ምልክት ያድርጉባቸው።

እዚህ ላይ ሆን ብለን የለወጥነው የእጁን ንጽሕና ብቻ ነው፤ ይህ ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል። በየቀኑ አይተን የምንመዘግበው የሻጋታ መጠን ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው። ዳቦው፣ ላስቲኩ፣ የሚቀመጡበት ቦታና የቀኑ ብዛት ለሦስቱም አንድ መሆን አለበት፤ ቋሚዎቹ እነዚህ ናቸው። አንዱ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው ቁም ሣጥን ውስጥ ከዋለ ልዩነቱ ከእጅ ይምጣ ከሙቀት አይታወቅም።

ያልተነካው ቁራጭ ማነጻጸሪያ ነው። የሻጋታ ዘር በአየርም ስለሚመጣ፣ እሱም እኩል ከሻገተ በእጅ ማመካኘት አይቻልም። አንድ ጊዜ ሞክሮ መፍረድም አይበቃምና ይድገሙት። የሻገተውን ሳይከፍቱ ከነላስቲኩ ይጣሉት።

ይህ አስተሳሰብ ሕይወት አድኗል። እ.ኤ.አ. በ1747 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ጀምስ ሊንድ፣ ድድ በሚያደማውና አቅም በሚያሳጣው የስከርቪ በሽታ የተያዙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። ማረፊያቸውና ምግባቸው አንድ ነበር፤ የለያየው የሚሰጣቸውን መድኃኒት ነው። ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውኃ፣ ለሌላው ብርቱካንና ሎሚ ሰጠ። በስድስት ቀን ውስጥ ከሁሉ ልቀው ያገገሙት ፍሬውን የበሉት ናቸው። የሚነጻጸሩበት ሌሎች ሕሙማን ባይኖሩ ኖሮ የፍሬው ጥቅም እንዲህ ጎልቶ ባልታየ ነበር።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት «እገሌ ይህን ቅጠል ጠጥቶ ዳነ» የሚለውን ወሬ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እንዲህ ሲባል «ያልጠጡትስ እንዴት ሆኑ? በዚያው ሰሞን ሌላ ምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ፣ በዚህ ወሬ ተመርተው ሐኪም ሳያማክሩ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትዎን አያቋርጡ።