ሰው በሕግ፣ ውሻ በስምምነት የሚያድርበት ቤት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎልና በዴቨን ባሕር ዳር ያሉ የቆዩ የገጠር ማረፊያዎች እንግዳ መቀበል የሚጀምሩት ከደጅ ነው። በሩ አጠገብ አጭር ጎማ የተገጠመለት የውሃ ቧንቧ አለ። ከሥሩ ንጹሕ ውሃ የያዘ ሳህን ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ ገመድ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት ተመቷል፤ ገባ ሲሉ ደግሞ አሮጌ ፎጣዎች በቅርጫት ተደርድረው ይጠብቃሉ። ቀኑን ሙሉ በገደል አፋፍ ሲሄድ ውሎ እግሩና ሆዱ ጭቃ የለበሰ ውሻ እዚህ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይጠጣል። ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል።

እነዚህን ቤቶች እንግሊዞች «ኢን» ይሏቸዋል። ምድር ቤቱ የመንደሩ ሰው ማታ ማታ የሚሰበሰብበት መጠጥና ምግብ ቤት ነው፤ ፎቁ ላይ ወይም በጓሮ በኩል ጥቂት የመኝታ ክፍሎች አሉ። አዳሪው መንገደኛና የሰፈሩ ነዋሪ አንድ እሳት ይሞቃሉ፣ በአንድ ባንኮኒ ይጠጣሉ። የእንግሊዝን ገጠር ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ አይገኝም።

ኢኖቹን ያበዛቸው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 ከብሪስቶል ወደ ለንደን ፖስታ የሚያመላልስ ባለ ፈረስ ሠረገላ ሥራ ሲጀምርና አሠራሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ፣ ፈረስ የሚቀየርባቸው፣ ተሳፋሪ የሚበላባቸውና የሚያድርባቸው ቤቶች በየመንገዱ ደሩ። ዛሬም በብዙዎቹ ፊት ለፊት ሠረገላ ወደ ግቢ ይገባበት የነበረው ሰፊ ቅስት በር ይታያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ሲመጣ የሠረገላው ንግድ ተመታ፤ ከጥፋቱ የተረፉትን ኋላ ላይ ብስክሌተኛው፣ ባለ መኪናውና በእግሩ የሚጓዘው ሰው መልሰው ሕይወት ሰጧቸው።

ከዚያ ዘመን የተወረሰ አንድ ሕግ አለ። በእንግሊዝ የቆየ ልማዳዊ ሕግ መሠረት፣ ባለ ኢኑ ክፍል እስካለውና መንገደኛው መክፈል እስከቻለ ድረስ፣ ያለ በቂ ምክንያት «አላሳድርህም» ማለት አይችልም። ይህ መብት ግን የሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ውሾቹን አስከትሎ ወደ መጠጫ ክፍል የመግባት ልማድ የነበረው አንድ ሰው ተከልክሎ ጉዳዩ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ፍርድ ቤቱ የፈረደው ለባለ ቤቱ ነው። ሕጉ ዛሬም መንፈሱ ያው ነው። ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻና እንደ እሱ አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ውሻ በ2010 የእኩልነት ሕግ ከለላ አላቸው፤ የቀረው ውሻ ሁሉ የሚገባው በባለ ቤቱ ፈቃድ ነው። የእነዚህ ማረፊያዎች ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሰውን ሕግ ያስገባዋል፣ ውሻውን የሚያስገባው ስምምነት ነው። ስምምነቱን የሚጠብቅ እንግዳ እስካለ ድረስ በሩ ክፍት ይሆናል።

ለብዙ አማርኛ አንባቢ ውሻ በሚበላበት አዳራሽ መግባቱ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ውሻ የደጅ ነው፤ ሌሊት አጥር ይጠብቃል፣ ቀን ጥላ ሥር ይተኛል። የማይታወቅ ውሻ መሸሽም አጉል ፍርሃት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ልጆቻችንን «አትንካው!» እያልን ማሳደጋችን ሕይወት አትርፏል። ብሪታንያ ይህን በሽታ ከውሾቿ ያጠፋችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። እንዳይመለስም ከውጭ የሚገባ ውሻ ለአሥርተ ዓመታት ስድስት ወር ተለይቶ እንዲቆይ ይገደድ ነበር፤ የተከተበ ውሻ ከአንዳንድ አገሮች ያለዚያ እንዲገባ የተፈቀደው ከ2000 ወዲህ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ ከስምንት ሳምንት በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ ከቆዳው ሥር የባለቤቱን ማንነት የሚያስገኝ ማይክሮ ቺፕ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ አደባባይ ሲወጣም የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት የአንገት ማሰሪያ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር የተኛው ውሻ ባለቤቱ የታወቀ፣ ጥፋት ቢያደርስ ተጠያቂ ያለው ውሻ ነው። እንግሊዞች ውሻን ቤት ያስገቡት ስለሚወዱት ብቻ አይደለም፤ የጤናውንና የኃላፊነቱን ጉዳይ አስቀድመው መልክ ስላስያዙ ነው።

የንጽሕና ሕጉም ቦታ ለይቷል። ውሻ ምግብ ወደሚዘጋጅበት ወጥ ቤት አይገባም፤ እንግዳ በሚመገብበት ክፍል ይግባ አይግባ የሚወስነው ባለ ቤቱ ነው። ብዙዎቹ ቤቱን ለሁለት ይከፍሉታል። ባንኮኒው ያለበት፣ ወለሉ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ የሆነው ክፍል ለባለ ውሾች ይተዋል፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት የመመገቢያ ክፍል ደግሞ ውሻ ለሚፈራ ልጅ፣ አለርጂ ላለበት ሰው ወይም ተረጋግቶ መብላት ለሚፈልግ እንግዳ ይጠበቃል። ውሻው ወንበር ላይ አይወጣም፤ ገመዱ በወንበሩ እግር ተጠምጥሞ ከጠረጴዛው ሥር ይጋደማል። ባንኮኒው ላይ የውሻ ብስኩት የተሞላ የመስታወት ማሰሮ አይጠፋም። ደህና አስተናጋጅ ግን ከማሰሮው ከማውጣቱ በፊት ባለቤቱን «ልስጠው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሆዱ የሚታወክ፣ ሐኪም ምግብ የወሰነለት ውሻ ብዙ ነውና።

ክፍል ሲያዝም የራሱ ሥርዓት አለው። ለውሻ የሚመደቡት ክፍሎች በአብዛኛው ምድር ላይ ያሉ፣ ወደ ግቢ የሚያስወጣ በር ያላቸው ናቸው፤ ውሻ በሌሊት መውጣት ቢያሻው ሌላው እንግዳ አይቀሰቀስም። ብዙ ቤት ለውሻው በሌሊት ጥቂት ተጨማሪ ሒሳብ ያስከፍላል፤ ገንዘቡ ጸጉሩን ከምንጣፍና ከብርድ ልብስ ለማጽዳት ለሚወጣው ጉልበት ነው። በየቤቱ ከሚሠራባቸው ደንቦች ጠንካራው ውሻን ክፍል ውስጥ ብቻውን ትቶ አለመውጣት ነው። በቤቱ ጨዋ የሆነ ውሻ እንኳ በማያውቀው ክፍል ብቻውን ሲቀር ይጨነቃል፤ ይጮኻል፣ በር ይቧጭራል፣ ቤቱን ሁሉ ይበጠብጣል። ልምድ ያላቸው ባለ ውሾች ለዚህ ሲሉ ውሻው ቤቱ የሚተኛበትን ብርድ ልብስ ሳያጥቡ ይዘው ይመጣሉ። የሚያውቀው ጠረን ያለበት ነገር ላይ ሲተኛ ቶሎ ይረጋጋል።

ባለ ኢኖቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉበት የኑሮ ምክንያትም አላቸው። በሞቃቱ ወራት ኮርንዎል በቤተሰብ ጎብኚ ይጨናነቃል፤ የአካባቢው አስተዳደሮችም በብዙ ታዋቂ የመዋኛ ዳርቻዎች ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ውሻ በቀን እንዳይገባ ይከለክላሉ። ከኦክቶበር ጀምሮ እገዳው ይነሳል፣ አሸዋው ለውሾች ይለቀቃል። ያን ጊዜ ደግሞ የማረፊያው ክፍሎች ባዶ የሚሆኑበት፣ ነፋስና ዝናብ ጎብኚውን የሚያባርርበት ወቅት ነው። ዝናብ ሳይፈራ በየቀኑ የሚወጣው ባለ ውሻ ብቻ ነው። በክረምት የገጠር ኢን ምድጃ እንዳይጠፋ፣ ወጥ ቤቱም እንዳይዘጋ ከሚያግዙት ደንበኞች አንዱ እሱ ነው።

መንገደኛውን ወደዚያ የሚስበው የደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳር መንገድ ነው። በሰመርሴት ከምትገኘው ማይንሄድ ተነስቶ ዴቨንንና ኮርንዎልን ዞሮ በዶርሴት ፑል ወደብ አፍ ላይ ያበቃል፤ ርዝመቱ 1,014 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን የረገጡት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች ናቸው። ኮንትሮባንድ የሚያራግፉ ጀልባዎችን ለመያዝ እያንዳንዱን ሰርጥ ወርደው ማየት ስለነበረባቸው፣ መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ሳይርቅ በየሸለቆው ይወርዳል፣ መልሶም ይወጣል። ዳገቱ ሁሉ ሲደመር 35,000 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ራስ ዳሸንን ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከሰባት ጊዜ በላይ መውጣት ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ ጉዞ የሚጨርሰው ጥቂቱ ነው። ብዙው ሰው አንድ ኢን ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ያድርና በየቀኑ አንድ ክፍሉን ይሄዳል፤ መመለሻውን በአውቶቡስ ያደርጋል።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ጥሩ ምሳሌ ከሴንት አይቭስ ወደ ዜነር የሚወስደው ክፍል ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ድንጋያማና አድካሚ ነው። ዜነር ስትደርሱ ቲነርስ አርምስ የሚባል መጠጥ ቤት ታገኛላችሁ፤ ስሙ የአካባቢውን የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ያስታውሳል። ቤቱ በ1271 የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ለሚሠሩ ግንበኞች ማደሪያ እንዲሆን እንደተሠራ ይነገራል፤ ደራሲው ዲ. ኤች. ሎረንስም በ1916 አርፎበታል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በእንጨት መቀመጫ ላይ የተቀረጸች ዓሣ ጅራት ያላት ሴት አለች፤ የሩቅ አገር ሰው ሳይቀር ሊያያት ይመጣል።

መንገዱ ላይ ስምምነቱ ሌሎች ባለ ጉዳዮች ይጨመሩበታል። አንደኛው ገበሬው ነው። መንገዱ በግጦሽ መሬት ውስጥ ያልፋል፤ በጎች ባሉበት ማሳ ውሻ መልቀቅ በ1953ቱ ሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ ከብት የሚያሳድድን ውሻ በሌላ መንገድ ማስቆም ያልተቻለው ገበሬ ተኩሶ ቢገድለው ሕግ የሚከላከልበት ምክንያት ይሰጠዋል። ያረገዘች በግ ሳትነከስ፣ በመሯሯጥ ብቻ ግልገሏን ልታስወርድ ትችላለች። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ኮረብታው ክፍት መሬት ለሚሄድ ሰው ደግሞ፣ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻው ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ገመድ መያዝ አለበት፤ ወፎች መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነው። ጥጃ ያላቸው ላሞች ካሳደዷችሁ ግን ገመዱን ልቀቁት። ላሞቹ የሚያነጣጥሩት ውሻው ላይ ነው፤ እሱ ሮጦ ያመልጣል፣ እናንተም ትተርፋላችሁ።

ሌላው ባለ ጉዳይ ባሕሩና ገደሉ ናቸው። ጥንቸል ያየ ውሻ አፋፉን አያይም። ውሻ ገደል ከገባ ባለቤቱ ተከትሎ መውረድ የለበትም፤ 999 ደውሎ «ኮስትጋርድ» ማለት ነው፤ በገመድ የሚወርዱ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ። በፀሐያማ ቀን በመንገዱ ዳር እፉኝት ተጠቅልላ ልትሞቅ ትችላለች፤ የነደፈችው ውሻ ሳይሮጥ፣ ከተቻለም በሸክም፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል። በዳርቻው ላይ ማዕበል የሚተፋው ነጭ የፓልም ዘይት ድፍድፍ ለውሻ አደገኛ ነው፤ የባሕር ውሃ መጠጣትም ያሳምመዋል። ማታ ከመተኛት በፊት ጆሮው ሥርና በጣቶቹ መካከል መዥገር መፈለግ የዕለቱ የመጨረሻ ሥራ ነው።

በለንደን፣ በብሪስቶልና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ጉዞ ቅርብ ነው። ከፓዲንግተን የሚነሳው ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ፔንዛንስ ይደርሳል፤ በአገሪቱ ባቡሮች አንድ ተሳፋሪ እስከ ሁለት ውሻ ያለ ክፍያ ይዞ መሄድ ይችላል። ልጆቻቸው እዚያ ተወልደው ውሻ ማሳደግ የጀመሩ ቤተሰቦች እየበዙ ነው፤ ውሻውን ለሰው ሰጥቶ ከመሄድ ይልቅ ከነቤተሰቡ ወጥቶ ማደር እንደሚቻል ይወቁት። ውሻ የማይወድም አይቅር፤ ክፍል ሲይዝ «ከውሻ ነጻ የሆነ ክፍልና መመገቢያ አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ ስንት ውሻ ትቀበላላችሁ? ትልቅ ውሻ ይገባል? ሒሳቡ ስንት ነው? ቁርስ ላይስ የት ይቀመጣል? ከደረሳችሁ በኋላ እግሩን ደጅ እጠቡት፣ ገመዱን አትልቀቁ፣ የጣለውን አንሱ፣ ክፍል ውስጥ ብቻውን አትተዉት። ውሻ እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ፣ አንድ ቸልተኛ እንግዳ ከእሱ በኋላ በሚመጡት ሁሉ ላይ በሩን ሊያዘጋ ይችላል። እናንተ ክፍሉን ስትለቁ ባለ ቤቱ የሚቀጥለውን ውሻ በደስታ የሚቀበል ከሆነ፣ በእንግድነታችሁ ኮርታችሁ ሂዱ።