ወደ ደብረ ጽዮን የሚያሻግረው ውኃ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ ዝዋይን የሚያውቀው በዓሣው ነው። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባቱ ከተማ ሲደርስ ጥብስ ዓሣውን ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ሐይቁ ከአስፋልቱ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ገባ ብሎ ስለተኛ ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። ሐይቁን ያላየ አምስቱን ደሴቶችም አያይም፤ ከአምስቱ ትልቋን ደብረ ጽዮንን፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ቱሉ ጉዶ የሚሏትን፣ ሳያዩ ማለፍ ደግሞ ኪሳራ ነው። የምድር ታሪክና የሰው ታሪክ እንዲህ ተደራርበው በአንድ ጠዋት የሚታዩበት ቦታ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የለም።

ጉዞው የሚጀምረው ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሚወርዱበት ዳርቻ ነው። እዚያ ጎብኚውን የሚቀበሉት አባ ኮዳዎች ናቸው። ዓሣ አስጋሪው ቆሮሶውን ገፎ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለይ፣ እነርሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ሲወረወር ወዲያው ይሻማሉ፤ ፔሊካኖቹም ከውኃው በኩል ይቀላቀላሉ። የአባ ኮዳ መላጣ ራስና አንገት ለብዙ ሰው አስቀያሚ ነው፤ ለወፉ ግን ጥቅም አለው። ጥንብ ውስጥ የሚገባ ራስ ላባ ቢኖረው ደምና ቆሻሻ ይይዝበት ነበር።

ጀልባው ከዳር ሲለቅ በመጀመሪያ የሚታየው የውኃው ቀለም ነው። ሰማያዊ አይደለም፤ ቡናማና ድፍርስ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሐይቅ ማለት ነው። በአንጻሩ እዚያው ተፋሰስ ውስጥ ያለው ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ኃይሉ እስከ ታች ይደርስና የተኛውን ደለል ያነሣዋል። ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያናውጠው እንዲህ ያለው ማዕበል ነው። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ የጀልባ ሰዎቹ በጠዋት መውጣትን ይመርጣሉ። ደብረ ጽዮን ደግሞ ከባቱ በኩል ራቅ ያለች ናት፤ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ምክራቸውን መስማት ይበጃል።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ ስለ ውኃው ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ የአንድ ተፋሰስ ሐይቆች ናቸው። አብያታና ሻላ ሶዳ የበዛባቸው፣ ለመጠጥም ለእርሻም የማይሆኑ ናቸው። ከአብያታ ለኢንዱስትሪ የሚሆን ሶዳ አሽ ሲወጣ ኖሯል። የዝዋይ ውኃ ግን ይጠጣል፣ መስኖ ያጠጣል፣ ጉማሬና ቆሮሶ ያኖራል። ፀሐዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ዐለቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከመውጫው ነው። ወደ ዝዋይ ሁለት ዋና ዋና ወንዞች ይገባሉ፤ መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ካታር ከአርሲ ተራሮች። ማንኛውም ወንዝ ንጹሕ ቢመስልም ከዐለትና ከአፈር የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውኃውን ብቻ ታተናለች፤ ጨውን ትታ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለዚህ ዓመት በዓመት ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል። ዝዋይ ግን በደቡብ በኩል በቡልቡላ ወንዝ ይፈስሳል፤ ጨዉንም በዚያው ይሸኛል። ቡልቡላ የሚገባው አብያታ ነው፤ አብያታ ደግሞ መውጫ የለውም። በአጭሩ ዝዋይ እስከ ዛሬ የሚጠጣ ሆኖ የቆየው ከውኃው ጥቂቱን ዘወትር ስለሚሰጥ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሚጠጣ ውኃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የአካባቢው ሰው ያውቃል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚወጣው የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በልጅነቱ እርሱን እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ ሲያይል አጥንትም ይጎዳል።

ደሴቲቱ እየቀረበች ስትመጣ ገደላማ ኮረብታ መሆኗ ይታያል። ደሴት የሚባለው ነገር ሁሉ በአንድ መንገድ አይፈጠርም፤ አንዳንዱ ወንዝ የከመረው ደለል ነው። ደብረ ጽዮን ግን የእሳተ ገሞራ ሥራ ናት። የስምጥ ሸለቆው ወለል ሁለቱ ዳርቻዎቹ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እየተራራቁ ስለሆነ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም የቀለጠ ዐለት ይወጣል። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ በስተ ደቡብ፣ በዝዋይና በላንጋኖ መካከል የቆመው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ዛሬም ትኩስ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1998 የተተከለው እዚያ ነው። በሳተላይት ራዳር የተደረገ ልኬት ደግሞ የአሉቶ መሬት እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ቀጥሎም ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ከሥሩ ያለው ትኩስ ፈሳሽ ሲገፋና ሲረግብ የሚሆን ነው። ይህን ስል ለማስፈራራት አይደለም፤ ጎብኚው የቆመበት መሬት ሥራውን እንዳልጨረሰ ለማስታወስ ነው።

ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ አቀበት ነው፤ የደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያንም ከላይ ናት። በጎኑ ላይ ደሴተኞቹ በድንጋይ የካቡትን እርከን ታያላችሁ፤ በጠባብ መሬት ላይ አፈር ታጥቦ ሐይቅ ከገባ ሌላ መሬት ስለሌላቸው እርከን ለእነርሱ የኑሮ ጉዳይ ነው። ከላይ ደርሶ ዞር ሲሉ ሐይቁ በሙሉ ይታያል። አሁን በዐይነ ሕሊና ውኃውን 34 ሜትር ከፍ አድርጉት። ባቱ ትሰጥማለች፣ አዳሚ ቱሉ ይሰጥማል፣ ደብረ ጽዮን ግን ጫፏን አውጥታ ትቀራለች። ይህ እንዲያው ሐሳብ አይደለም፤ እንዲህ ነበር።

ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ለበርካታ ሺህ ዓመታት አራቱ ሐይቆች አንድ ሐይቅ ነበሩ። የዛሬው ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው፤ ሻላ 1,558 ላይ። የጥንቱ ሐይቅ ግን 1,670 ሜትር ደርሶ ነበር። ከዚያ በላይ ሊሞላ ስላልቻለ በመቂ በኩል ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። ተመራማሪዎች ይህን ያወቁት ውኃው ጥሎት ከሄደው ነገር ነው። ቡልቡላ በቆረጠው ገደል ግድግዳ ላይ ነጭ የሐይቅ ደለል በንጣፍ በንጣፍ ይታያል፤ ዛሬ ደረቅ በሆነው ከፍታ ላይም የቀንድ አውጣ ዛጎል ይገኛል። ዛጎሉ ውስጥ ያለው ራዲዮካርቦን ቀንድ አውጣው መቼ እንደኖረ ይናገራል። ተመራማሪዋ አሌይን ስትሪትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚህ ተፋሰስ ያካሄዱት ጥናት የአፍሪካን የአየር ንብረት ታሪክ ለመረዳት ከመሠረቶቹ አንዱ ሆኗል።

ያን ሁሉ ውኃ ማን አመጣው? ዛሬ ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በታኅሣሥ መገባደጃ ነው። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን የምትቀርበው በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነበር፤ የምድር ዛቢያ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ወቅቱ ይለዋወጣል። በዚያን ዘመን ክረምት የአፍሪካ ምድር ይበልጥ ይሞቅ፣ እርጥብ ነፋስም ይበልጥ ይስብ ነበር፤ ስለዚህ ዝናቡ በረታ። ሰሐራ እንኳ ያኔ ሣር ነበረው። ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ዝናቡ ሲያፈገፍግ ትልቁ ሐይቅ ተከፋፈለ።

የሰው ታሪክ ደግሞ ከዚያም እጅግ ይርቃል። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ፣ ከባቱ ባሻገር፣ ጋደሞታ የሚባል ሸንተረር አለ። የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ቅሪት ነው፤ ባልጩትም ሞልቶበታል። የጥንት ሰዎች ከዚያ ባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ኢትዮጵያዊው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ዮናታን ሳህለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በመሣሪያዎቹ ጫፍ ላይ ያለውን የስብራት መስመር መርምረው፣ ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው ሹል ድንጋዮች አንዳንዶቹ በሚወረወር ጦር ጫፍ ላይ የታሰሩ እንደነበሩ አሳይተዋል። ድንጋይ ሲሰበር ስብራቱ የሚሮጥበት ፍጥነት በጥቃቅን መስመሮች ይቀረጻል፤ በእጅ ተወግቶ የተሰበረና ተወርውሮ የተሰበረ ድንጋይ አንድ ዓይነት ምልክት አይተውም።

በደሴቲቱ የሚኖሩት ዛይ የሚባሉት ሰዎች ናቸው። ባህላቸው እንደሚተርከው በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ ታቦቷም 70 ዓመት እዚህ ቆይታ ተመለሰች። በ16ኛው መቶ ዘመን በነበረው የኢማም አሕመድ ጦርነትም ደሴቶቹ ለሰውም ለብራና መጻሕፍትም መሸሸጊያ ሆነዋል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። የዛይ ቋንቋ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወለኔና ሐረሪ ናቸው፤ ከግዕዝና ከትግርኛ ጋር ያለው ዝምድና የራቀ ነው። ይህም ብዙው ሕዝብ ከዚሁ ከደቡቡ ሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪ ጎረቤት እንደሆነ ያመለክታል። እኔ ሁለቱ ይጣላሉ ብዬ አላምንም። ጥቂት ካህናት መጽሐፍ ይዘው መጥተው የነባሩን ቋንቋ ተናጋሪ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ በአገራችን ታሪክ ያልታየ ነገር አይደለም። ዛሬ ቋንቋው የሚነገረው በጥቂት ሺህ ሰዎች ነው፤ አብዛኞቹም ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ። ከዝዋይ ገጽ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውኃ ይተናል። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር መሆኑን አስቡ፤ ዝናቡና ወንዞቹ ባይተኩት ሁለት ዓመት አይቆይም። በዚህ ላይ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ የአበባ እርሻዎች፣ የአትክልት ማሳዎችና ቁጥር ስፍር የሌላቸው የውኃ ሞተሮች ከሐይቁና ከገባር ወንዞቹ ይስባሉ። ሥራ ይፈጥራሉ፣ አትክልቱንም እንበላዋለን፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሐይቁ ግማሽ ሜትር ሲወርድ መሐሉ ላይ ለውጡ አይታይም፤ ዳሩ ላይ ነው የሚታየው። ቆሮሶ የሚራባው በዳሩ፣ ደንገልና ፊላ በበቀለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። እንስቷ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ የሚያድጉትም እዚያው ነው። ዳሩ ሲደርቅ መዋለጃው ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ቡልቡላ የቆመ ዕለት ነው። ዝዋይ መውጫ ያጣና አብያታ የሄደበትን መንገድ ይጀምራል። አብያታም ራሱ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ከስፋቱ ግማሹን ያህል አጥቷል። ወደ ሐይቅ የሚፈስስ ውኃ “በከንቱ የሚባክን” ነው የሚል ዕቅድ አውጪ ካለ ይህን ሐይቅ አልተረዳውም። ለመስኖ ከመከፋፈሉ በፊት የቡልቡላ ድርሻ ይቀመጥ።

ለመሄድ ላሰበ ሰው ጥቂት ምክር ልጨምር። ከመሳፈራችሁ በፊት የጀልባውን ዋጋ ተነጋገሩ፤ ተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩን በዐይናችሁ እዩ። ብራናዎቹን ማየት የሚቻለው በካህናቱ ፈቃድ ነው፤ ባይፈቀድም አትቀየሙ፤ እስከ ዛሬ የቆዩት በዚህ ጥንቃቄ ነው። በዳሩ ባለው ሳር ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች በዝዋይ ዳርቻ አሉ፤ ጥገኛው ተባይም ቁስል ሳይፈልግ በደህና ቆዳ ያልፋል። የእንዶድ ፍሬ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት የእኛው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ውኃው ውስጥ ገብታችሁ ከነበረ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በቀላሉ ያድናል።