የብረት ዲቴክተር ከመግዛታችሁ በፊት አፈሩን እዩ

በትርፍ ጊዜያቸው ብረት መፈለግ የሚጀምሩ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ «የትኛው ጠለቅ ብሎ ያያል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» እላቸዋለሁ። ቪኤልኤፍ የሚባለው ዓይነት ሚስማርን ከሳንቲም ስለሚለይ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። ብረት በበዛበት ቀይ አፈርና በጨዋማ የባሕር ዳርቻ ላይ ግን፣ በተለይ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራው፣ ያለ ምክንያት ይጮኻል። እዚያ ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው ዓይነት ይሻላል፤ ሚስማሩን በደንብ ስለማይለይ ግን ዝገቱን ሁሉ ትቆፍራላችሁ። ሰፊ ኮይል (የመሣሪያው መፈለጊያ ክፍል) ጠለቅ ብሎ ያያል፤ ለጥቃቅን ወርቅ ትንሹ ይበልጣል። ማዳመጫም ያዙ፣ ደካማዋ ድምፅ ያለ እሱ አትሰማም።

ከመቆፈራችሁ በፊት ሕጉንም እወቁ፤ በኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። ጥንታዊ ነገር ካጋጠማችሁ ሳትነኩት ቁፋሮውን አቁሙ፤ ለአካባቢያችሁ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቁ።