የቤት ዋይፋይ ለምን ይንቀራፈፋል? ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሊፈተሹ የሚገባቸው ነገሮች

ከባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር በቪዲዮ የተጀመረ ጨዋታ ሲጋመስ ምስሉ ባለበት ይቆማል። ድምጹ ይቆራረጣል። ሁለቱም ወገኖች እኩል መናገር ይጀምራሉ፤ እኩል ዝም ይላሉ። "ሃሎ! ይሰማል?" የሚለው ጥያቄ ከጨዋታው ይበዛል።

ችግሩ ጨዋታ ከማቋረጥ አልፎ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። ሥራ ፈላጊ በኢንተርኔት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ፣ ተማሪ ደግሞ ፈተና ሊያመልጠው ይችላል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ቀድሞ የሚታያቸው መፍትሔ በየወሩ ተጨማሪ ከፍሎ ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው ጥቅል መግዛት ነው። ይሁን እንጂ እንቅፋቱ ያለው በቤቱ ውስጥ፣ በራውተሩና በስልኩ መካከል ባሉት ጥቂት ሜትሮች ላይ ከሆነ የተጨመረው ገንዘብ ለውጥ አያመጣም።

ፍጥነትና መዘግየት ይለያያሉ

አገልግሎት ሰጪዎች የሚያስተዋውቁት ፍጥነት የሚለካው በሰከንድ በሚተላለፍ ሜጋቢት ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው መስመሩ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መረጃ ማሳለፍ እንደሚችል ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት በመሆኑ 10 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው።

መዘግየት ደግሞ አንድ መልዕክት ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ተነሥቶ ሰርቨር ጋር ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው። የሚለካውም በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። በፍጥነት መለኪያ ገጾች ላይ "ፒንግ" ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው።

ልዩነቱን በመንገድ መመሰል ይቻላል። ከአዳማ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ማስፋት በአንድ ጊዜ ብዙ መኪና ያሳልፋል እንጂ ሁለቱን ከተሞች አያቀራርብም። ፊልም ለማውረድ የመንገዱ ስፋት ይጠቅማል። ለጥሪና ለኢንተርኔት ጨዋታ ግን መዘግየቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በድምጽ ጥሪ ላይ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል።

ከርቀት የሚመጣው መዘግየት

ከመዘግየቱ ከፊሉን ማስቀረት አይቻልም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በመሆኑም እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ለንደን በቀጥታ ሲለካ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ገመዱ በቀጥታ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት በመሆኗና ገመዱ በጎረቤት አገራት በኩል ዞሮ ወደ ባሕር ሥር ስለሚወርድ፣ እውነተኛው ጉዞ ከዚህ ይረዝማል።

ያም ሆኖ የዛሬው ከቀድሞው ይሻላል። በአውሮፓውያኑ 2009 የባሕር ሥር ገመዶች ኬንያና ታንዛኒያ እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱ አገራት ከተቀረው ዓለም ጋር ለመገናኘት በዋናነት በሳተላይት ይጠቀሙ ነበር። 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚገኝ ሳተላይት በኩል መልዕክት ልኮ ምላሽ ለማግኘት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል።

ገመዶቹም ይበጠሳሉ። በግንቦት 2024 ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት የባሕር ሥር ገመዶች በተጎዱበት ጊዜ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ኢንተርኔት ተንቀራፎ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ራውተር ማስተካከል የሚፈይደው ነገር የለም።

እንቅፋቱ የት ነው?

ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ መለካት ነው። በመጀመሪያ ሌሎች መሣሪያዎች ከኢንተርኔቱ እንዲወጡ ተደርጎ፣ ከራውተሩ ጋር በገመድ በተገናኘ ኮምፒውተር ፍጥነቱና ፒንጉ ይለካል። ቀጥሎ በዚያው ኮምፒውተር በዋይፋይ ከራውተሩ አጠገብ፣ ከዚያም ችግሩ ከሚታይበት ክፍል ይለካል።

በገመድ የተገኘው ውጤት ለተከፈለበት ፍጥነት የቀረበ ሆኖ በክፍሉ ውስጥ ካሽቆለቆለ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። በገመድም ዝቅ ካለ ምክንያቱ ከቤት ውጪ ሊሆን ስለሚችል የመለኪያ ውጤቶቹን ይዞ አገልግሎት ሰጪውን መጠየቅ ይገባል።

ግድግዳና ጎረቤት

አብዛኞቹ ራውተሮች በሁለት ሞገዶች ይሠራሉ። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን የተጨናነቀ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአፓርትመንት ውስጥ የጎረቤቶች ራውተሮች ሁሉ እነዚህኑ ይሻማሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ይረብሻል።

የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ፈጣንና ሰፊ ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት፣ ቆርቆሮና ትልቅ መስታወት ሁለቱንም ሞገዶች ያዳክማሉ።

በመሆኑም ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከቁም ሳጥን ውስጥ አውጥቶ በቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መፍትሔ ነው። በአቅራቢያው ያሉ መሣሪያዎችን ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ማዞር፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተርን ደግሞ በገመድ ማገናኘት ይመከራል። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈው አንድ መሣሪያ ብቻ በመሆኑ፣ አንዱ በገመድ ሲገናኝ ለሌሎቹ ቦታ ይለቃል።

ፋይበር በሌለበት በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ መሣሪያውን የሞባይል ማማ ወደሚገኝበት አቅጣጫ ባለ መስኮት አጠገብ ቢያደርጉት የተሻለ ሲግናል ሊያገኙ ይችላሉ።

የማይታየው ሰልፍ

ዋይፋዩ ደህና ሆኖ ጥሪ የሚቆራረጠው ሌላ የቤተሰብ አባል ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሲልክ ከሆነ ምክንያቱ ሰልፍ ሊሆን ይችላል። ከቤት የሚወጣው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው ይጠባል። መስመሩ ሲሞላ ራውተሩ የተረፈውን መረጃ በማቆያው ያስቀምጣል። አጭሯ የድምጽ መልዕክት፣ በባንክ መስኮት ላይ በጆንያ ብር ይዞ ከመጣ ደንበኛ ኋላ እንደ ተሰለፈ ባለ አንድ ጥያቄ ሰው ተራዋን ትጠብቃለች።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ጂም ጌቲስ በ2010 "በፈርብሎት" ሲል የሰየመው ችግር ይህ ነው። በ2012 ደግሞ ካትሊን ኒኮልስ እና ቫን ጃኮብሰን "ኮዴል" የተባለ፣ ሰልፉ እንዳይረዝም የሚቆጣጠር ዘዴ ይፋ አደረጉ።

ይህንን ለማወቅ መስመሩ ሥራ ሲፈታና ትልቅ ፋይል ሲላክበት ፒንጉን ማወዳደር ይበቃል። ከ40 ሚሊሰከንድ ተነሥቶ ብዙ መቶዎች ከደረሰ ሰልፍ አለ ማለት ነው። አንዳንድ ራውተሮች ሰልፉን የሚያስተካክል "ኤስኪውኤም" የተባለ አማራጭ አላቸው። የመላኪያውን ፍጥነት ከተለካው 90 በመቶ ገደማ ላይ በመገደብ ሰልፉ በራውተሩ ቁጥጥር ሥር እንዲቆይ ይደረጋል። አማራጩ ከሌለ ስልኮች በራሳቸው ፎቶ የሚልኩበትን ሰዓት ወደ ሌሊት ማዛወር ይረዳል።

ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ትርጉም የሚኖረው እነዚህ ሁሉ ተሞክረው፣ በገመድ ሲለካ የተከፈለበት ፍጥነት በትክክል እየደረሰ ለቤተሰቡ ግን ሳይበቃ ሲቀር ነው።