ጦብያና ማቲ፤ መንገድ የወጡ ሁለት ልጃገረዶች

የካውቦይ ፊልም ያላየ ተማሪ በትምህርት ቤታችን ይገኛል ብዬ አላምንም። ባርኔጣውን፣ ፈረሱን፣ ሽጉጡን፣ አቧራውንም ሳይቀር እንደ አዳማ አቧራ ለምደነዋል። በዚያ ፊልም ውስጥ “አክተሩ” አይሞትም፤ ደግሞም ሁልጊዜ ወንድ ነው። ሴቲቱ በመስኮት ሆና ትጠብቀዋለች፣ ወይም ታለቅስለታለች። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ለክቡራን አንባብያን ላስረዳ የፈለግሁት አክተሩ የ14 ዓመት ልጃገረድ ስለ ሆነችበት አንድ የአሜሪካ ልብ ወለድና፣ ከዚያ 60 ዓመት ቀድሞ በአማርኛ ስለ ተጻፈው ስለ እኛው “ጦብያ” ነው።

አስቀድሞ “ዌስተርን” የሚባለው የድርሰት ዐይነት ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ዌስተርን ማለት ምዕራባዊ ማለት ነው። ይኸውም ባለፈው መቶ ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው፣ አሜሪካውያን ወደ ምዕራብ እየገፉ ሲሰፍሩ፣ ሕግ ገና በደንብ ባልደረሰበት አገር የሆነውን የሚተርክ ታሪክ ነው። ፈረሱና ተኩሱ ጌጡ ነው እንጂ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዳኛ በሌለበት አገር የተበደለ ሰው ወዴት ይጮኻል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አሳምሮ ያነሣው፣ በእኔ አስተያየት፣ “ትሩ ግሪት” የተባለው መጽሐፍ ነው። በአማርኛ “እውነተኛ ወኔ” ብንለው ያስኬዳል። ደራሲው የአርካንሳስ ሰው ቻርልስ ፖርቲስ ሲሆን መጽሐፉ የወጣው በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእኛ በ1960 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ዓመት ጆን ዌይን ተጫውቶበት ፊልም ሆነ፤ በ2010 ደግሞ የኮየን ወንድማማቾች እንደ ገና ሠርተውታል። ፊልሙን ያያችሁ መጽሐፉን አንብበነዋል አትበሉ። በመጽሐፉ ውስጥ የምትናገረው ራሷ ማቲ ሮስ ናት፤ ካረጀች በኋላ፣ ያለ ሳቅና ያለ እንባ፣ ሒሳብ እንደምታወራርድ ሴት ሆና ትተርከዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ፈረስ ሊገዛ ፎርት ስሚዝ ወደምትባል ከተማ ይወርዳል፤ ቶም ቼኒ የተባለ የገዛ ሠራተኛው ገድሎት ገንዘቡንና ፈረሱን ይዞ ይሸሻል። ማቲ ሬሳውን ለማስላክ ትመጣለች፤ ሬሳውን ትልካለች፣ እሷ ግን አትመለስም። በመጀመሪያ አባቷ የገዛቸውን ፈረሶች ለነጋዴው መልሳ ልትሸጥ ትከራከራለች። ጠበቃዬን እጠራለሁ እያለች ያን ትልቅ ሰውዬ ታስጨንቀዋለች፤ በመጨረሻም የአባቷን የተሰረቀ ፈረስ ዋጋ ጭምር 325 ዶላር ትቀበለዋለች። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ጥይት ያልተተኮሰበት ይህ ክፍል ለእኔ ከተኩሱ ሁሉ ይበልጥብኛል። የገበያ ክርክር የሚያውቅ የአዳማ ሰውም በእርግጥ ይስማማኛል።

ገዳዩ የሸሸው ከወንዙ ማዶ ነው። ከአርካንሳስ ወንዝ ባሻገር ያለው አገር ያን ጊዜ “ኢንዲያን ቴሪቶሪ” ይባል ነበር፤ ዛሬ ኦክላሆማ ነው። ከርስታቸው የተነቀሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሰፈሩበት ምድር ስለ ነበረ የአርካንሳስ ሕግ እዚያ አይሠራም። ማዶ ተሻግሮ ወንጀለኛ የሚይዘው የፎርት ስሚዝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ብቻ ነበር። ዳኛው አይዛክ ፓርከር በልብ ወለዱ ይጠቀሳል፤ የእውነት ሰው ነው። ከ1875 ጀምሮ በ21 ዓመት ውስጥ 160 ሰዎችን ሞት ፈርዶባቸው 79ኙ ተሰቅለዋል። ከመልእክተኞቹም አንዱ በባርነት የተወለደው ጥቁሩ ባስ ሪቭስ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው የካውቦይ ፊልም ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ዘንግተውት መኖራቸው ያስገርመኛል።

ማቲ ከነዚሁ መልእክተኞች አንዱን፣ ሩስተር ኮግበርን የሚባለውን አንድ ዐይና ሰካራም ትቀጥራለች። ለቤፍ የተባለ የቴክሳስ ጠባቂም ለራሱ ጉዳይ ቼኒን ይፈልጋልና ሁለቱ ተማክረው ልጅቷን ጥለዋት ሊሄዱ ይነሣሉ። በጀልባው ላይ ያስከለክሏትና እነሱ ይሻገራሉ። እሷ ግን ፈረሷን አዙራ፣ ወንዙ ጠበብ ወዳለበት ወርዳ ትገባበታለች፤ ፈረሱ እየዋኘ ያሻግራታል። እኔ የሶደሬ ልጅ ነኝና ይህን ሳነብ የታየኝ አዋሽ ነው። በኦሮምኛ “መልካ” ማለት የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ጎረቤታችን አዋሽ መልካሳም ስሟ ከዚሁ ቃል ጋር ይሄዳል። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው መልካ ባልሆነ ቦታ መግባት ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ በእኛ ወንዝ ደግሞ አዞ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልናገር። ቼኒን ታገኘዋለች፣ በአባቷ ሽጉጥም ትመታዋለች፤ ነገር ግን የሽጉጡ ግፊት እባብ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ይጥላታል። እባብ ነድፏት አንድ እጇ ይቆረጣል። ሩስተር እሷን ለማዳን ሲጋልብ ያ ወንዝ ያሻገራት ፈረስ ደክሞ ይሞታል።

አሁን ወደ ጦብያ እንምጣ። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳር፣ የዘጌ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸውን በ1900 ዓ.ም. በሮማ ሲያሳትሙት ስሙን “ልብ ወለድ ታሪክ” አሉት፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ዛሬ “ልብ ወለድ” የምንለው ቃል ራሱ ከዚያ ርእስ የተገኘ ነው። ደራሲው በኋላ ከጣሊያን ጋር በመወገናቸው ስማቸው ጎድፏል፤ የድርሰታቸው ዋጋ ግን አልጠፋም።

በታሪኩ አንድ ክርስቲያን የጦር መሪ ተሸንፎ ይማረካል፤ አንድ ቸር ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቷ ጦብያ። ዋሕድ የአባቱን ውለታ ሊከፍል ሲወጣ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። ያን ጊዜ ጦብያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። በመንገድ ተይዘው ከአንድ አረመኔ ንጉሥ ቤት ይደርሳሉ። ከንጉሡ ዘመዶች አንዲቱ ልጃገረድ ጦብያን ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ በመጨረሻም ሴትነቷ ይገለጣል፣ ንጉሡ ክርስትና ተነሥቶ ያገባታል፣ ዋሕድም ያችን ዘመዱን ያገባል።

እነሆ ሁለቱም ዳኛ በሌለበት መንገድ የወጡ፣ ሁለቱም ስለ ቤተ ሰባቸው የወጡ ናቸው። ነገር ግን የጦብያ ጭንቀት እንዳይታወቅባት ነው፤ የማቲ ጭንቀት ደግሞ እንዳይመልሷት ነው። ጦብያ ልብሱን ስታወልቅ መንገዱ ያልቃል፣ ሠርግ ይሆናል። ማቲ የአባቷን ካፖርትና ባርኔጣ ብታደርግም ወንድ ነኝ አላለችም፤ ስሟን እየጠራች ትገባለች። ታዲያ አላገባችም፣ እጇም አልተመለሰም። ከሁለቱ የትኛው ፍጻሜ ይሻላል ብትሉኝ፣ የክፍላችን ልጆች ሳምንት ሙሉ ተከራክረንበት ያልጨረስነው ነገር ነው። እኔ በበኩሌ አፈ ወርቅ ጦብያን ጥቂት መንገድ ቢጨምሩላት እወድ ነበር።

ከአዋሽ ማዶ ባለው በአርሲ ምድር ደግሞ ሦስተኛ መልስ አለ። ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የሚባል ዘንግ ትሰጣታለች። አንዲት ሴት ከተበደለች፣ ይልቁንም አራስ ሳለች ከተመታች፣ እልል ብላ ትጣራለች፤ የአካባቢው ሴቶችም ሥራቸውን ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌዎች ፈርደው በዳዩ ካሣ እስኪከፍል አይመለሱም። ጠበኞች መካከል ሲንቄ ይዘው ቢቆሙ ደግሞ ወንዱ ጦሩን ይመልሳል እንጂ አያልፋቸውም። ጦብያ ልብስ ይዛ ወጣች፣ ማቲ ጠበቃና ሽጉጥ፤ የአርሲ ሴት ዘንግ ይዛ ትወጣለች፣ ብቻዋንም አይደለችም። ይህን የጻፈ የጀብዱ ልብ ወለድ እስካሁን አላገኘሁም፤ ከመካከላችን የሚጽፈው ቢኖር ቀድሜ ገዥው እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። እኛ የ12ኛ ክፍል ሴቶች ፈተናውን ካለፍን ወዴት እንደምንመደብ አናውቅም፤ በየቤታችንም የሚወራው ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ርቀት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እናቴ ቡና ስትቆላ የማቲን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስለ ገዳዩ ምንም አላለችም። “በአንድ እጇ እንጀራ እንዴት ጋገረች?” ብላ ጠየቀችኝ። በኋላ የባንክ ባለቤት እንደ ሆነች ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም ዝርዝር እንዳነብላት አዘዘችኝ። ከአዳማ ጀመርኩ። አርሲ፣ ሐዋሳ ስል ራሷን ትነቀንቃለች። ጎንደር ስል የቡናውን መቁያ ከእሳት አወጣችና “ስንት ቀን ያስኬዳል?” አለችኝ።